ጩኸቱን በየትኛው ደንብ እንያዘው? ከመንገድ ውጭ የሚነዱ ሞተሮች ለሚበዙባቸው የቱሪስት ከተሞች የተዘጋጀ ንጽጽር

አሸዋ፣ ተራራ ወይም ጫካ አጠገቧ ያለ የቱሪስት ከተማ ሁሉ ይህን ራስ ምታት ታውቀዋለች። ባለ አራት ጎማ ሞተሮች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥባቸው ዩቲቪዎች፣ የአቧራ መንገድ ሞተር ሳይክሎች፣ በረዶ ባለበት አገር ደግሞ የበረዶ ሞተሮች ገንዘብ ያመጣሉ። አከራዩ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ጋራዡና ምግብ ቤቱ ከእነሱ ይበላሉ። ዋናው መንገድ ዳር ያለው ቤተሰብ ግን ልጁን ማስተኛት አቅቶታል። ጸጥታ ፍለጋ የመጣው እንግዳም በማግስቱ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል።

ጉዳዩ ምክር ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ «እንከልክል ወይስ እንተው?» በሚል ጥያቄ ይጠባል። በሁለቱ መሐል ግን ብዙ አማራጭ አለ። አንዳንዱ ርካሽ ሆኖ ይሠራል። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ያምርና መንገድ ላይ ዋጋ ያጣል። ደንብ ለሚያረቁ የምክር ቤት አባላት፣ ለነዋሪ ኮሚቴዎችና «የትኛው ደንብ ይሻለን ይሆን?» ለሚሉ አከራዮች አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

## መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከመዘርዘር በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። እኔ ስድስት ነገር እጠይቃለሁ።

ጆሮ ይለየዋል? ቁጥር መቀነስና ሰላም መስጠት አንድ አይደሉም። ለውጡ መኝታ ቤት ውስጥ መሰማት አለበት።

ማን ያስከብረዋል? ከሁሉም የሚከብደኝ ይህኛው መመዘኛ ነው። ሁለት ደንብ አስከባሪ ያላት ከተማ መሣሪያ፣ ሥልጠናና የፍርድ ቤት ማስረጃ የሚጠይቅ ደንብ ብታወጣ፣ ደንቡ በሦስተኛው ወር ይረሳል። ከዚያ ወዲያ ሕግ አክባሪው ብቻ ይቀጣል።

ሥልጣኑ የማን ነው? በብዙ አገር የተሽከርካሪ ሕግ የሚወጣው ከከተማው በላይ ባለ አካል ነው። በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ያለችውን ሞአብን እንውሰድ። አርችስና ካንየንላንድስ ለሚባሉት ብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ በር ናት። የግዛቱ ሕግ አስፈላጊውን ዕቃ ያሟሉ ዩቲቪዎች በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲነዱ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከተማዋ ከጎዳናዋ ላነሣቸው ብትል እጇ ታስሯል። የነበራት መንገድ ወደ ድምፅና ወደ ፍጥነት ገደብ መዞር ነበር። እሱም ቢሆን ክርክር አላጣም፤ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ጫናው በማን ላይ ያርፋል? ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ መውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ቆርጦ የሚጮኸው አንዱ ሆኖ ሳለ አሥሩ የሚቀጣበት ደንብ ቂም ይወልዳል።

ጩኸቱ ይጠፋል ወይስ ሰፈር ይቀይራል? ከሀብታም ሰፈር ወደ ድሃ ሰፈር የተገፋ ጩኸት መፍትሔ አይባልም።

ስንት ያስወጣል? ደንቡን ማውጣት ብዙ ወጪ የለውም። ገንዘብ የሚበላው በየዓመቱ ማስከበሩ ነው።

## ስለ ዴሲቤል ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነገር

ይህን ክፍል መዝለል ያምራል። ግን ብዙ ደንብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የድምፅ መጠን የሚለካበት ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር አይደመርም። እኩል የሚጮኹ ሁለት ሞተሮች አብረው ሲሄዱ ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። አሥር ሲሆኑ በ10 ይጨምራል። ጆሯችን ደግሞ የ10 ዴሲቤል ጭማሪን በግምት እንደ እጥፍ ነው የሚሰማው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በቀን የሚያልፉትን ሞተሮች በግማሽ ብንቀንስ አማካይ ድምፁ የሚወርደው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ይጠቅመናል። ማርሚታው የተቀየረ አንድ ሞተር ከሌሎቹ በ10 ዴሲቤል ከበለጠ፣ ብቻውን የአሥር ሞተር የድምፅ ኃይል ያወጣል። ስለዚህ ሃያ ሞተር ባለፈበት መንገድ ላይ ነዋሪውን ያስመረረው አንዱ ወይም ሁለቱ ሊሆን ይችላል።

ርቀትም የራሱ ሒሳብ አለው። አንድ ሞተር ሲያልፍ የሚሰማው ከፍተኛ ድምፅ፣ ርቀቱ በእጥፍ በራቀ ቁጥር ክፍት ቦታ ላይ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ሞተር በተከታታይ የሚጎርፍበት መንገድ አማካይ ድምፅ ግን የሚወርደው በ3 ገደማ ነው። መንገዱን ከቤት 25 ሜትር ላይ አንሥተን 200 ሜትር ብናደርሰው፣ ርቀቱ ሦስት ጊዜ ታጠፈ ማለት ነው። ከፍተኛው ድምፅ በ18፣ አማካዩ በ9 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰዓቱም ይቆጠራል። የአውሮፓ ኅብረት የሚጠቀምበት የ24 ሰዓት የድምፅ መለኪያ፣ የምሽት ድምፅ ላይ 5፣ የሌሊት ድምፅ ላይ 10 ዴሲቤል ይጨምራል። በሌላ አነጋገር ሌሊት ያለፈች አንዲት ሞተር ቀን ካለፉ አሥር ጋር እኩል ትቆጠራለች። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በዚህ የ24 ሰዓት መለኪያ ከ53 ዴሲቤል፣ ሌሊት ደግሞ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ለሌሊቱ የተለየ ቁጥር መቀመጡ እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

## አማራጭ 1፦ የዴሲቤል ጣሪያ

ምክር ቤቶች መጀመሪያ የሚያነሡት ይህንን ነው። «ከዚህ ቁጥር በላይ የጮኸ ይቀጣል።» ቀላልና ፍትሐዊ ይመስላል። ሲሠሩት እንዴት እንደሆነ በቅርብ እንየው።

የተለመደው መለኪያ ተሽከርካሪው ቆሞ የሚደረግ ነው። ኤስኤኢ ጄ1287 እና አይኤስኦ 5130 የተባሉት መመዘኛዎች በዋናው ሐሳብ ይቀራረባሉ። ደንብ አስከባሪው ሞተሩን ክፍት ቦታ ላይ ያስቆማል። ማይክሮፎኑን ከጭስ መውጫው ጫፍ ግማሽ ሜትር አርቆ፣ በ45 ዲግሪ አግድም፣ በጭስ መውጫው ከፍታ ልክ ያስቀምጣል። ከዚያ ነጂው ነዳጅ ይሰጥና የሞተሩን ዙር (በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) መመዘኛው ያዘዘው ላይ ያደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከከፍተኛው ዙር ግማሽ ገደማ ነው። ዙሩ በዳሽቦርዱ ወይም በሌላ ቆጣሪ መታየት አለበት። በአካባቢው ያለው ድምፅም ከሚለካው ቢያንስ በ10 ዴሲቤል ማነስ አለበት። በተጨናነቀ መንገድ ዳር፣ ሌሎች ሃያ ሞተሮች እየተነሡ እያለ፣ ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም። መሣሪያው በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ለኪውም መሠልጠን አለበት። አንዱ ከጎደለ ጥሩ ጠበቃ ክሱን ያፈርሰዋል።

በዚህ መንገድ ለረጅም ጊዜ ስትሠራ የቆየችው ካሊፎርኒያ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1986 መጀመሪያ ወዲህ ለተሠሩ ከመንገድ ውጭ ተሽከርካሪዎች 96፣ ከዚያ በፊት ለተሠሩት 101 ዴሲቤል ጣሪያ አለ። ልብ በሉ፤ ይህ በግማሽ ሜትር ርቀት የተለካ ነው። ነዋሪው በረንዳው ላይ ከሚሰማው ጋር አይነጻጸርም። ይህን ያልተረዳ ምክር ቤት «96 ማለት እኮ ጆሮ የሚያደነቁር ነው!» ብሎ ቁጥሩን በዘፈቀደ ይቀንሳል። ከዚያ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው ሞተር ሁሉ ሕገወጥ ይሆናል።

የቆሞ መለኪያው ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። የሚሰማው ማርሚታውን ብቻ ነው። ዩቲቪ ዳገት ሲወጣ አስቡት። ብዙዎቹ ማርሽ የሚቀይሩት በቺንጋ ስለሆነ፣ ነጂው ነዳጁን ሲረግጥ ገና ፍጥነት ሳይጨምር ዙሩ ሽቅብ ይወጣል። ተሽከርካሪው በዝግታ እየሄደ ሞተሩ ሙሉ ድምፁን ያወጣል። አየር መሳቢያው ያፏጫል። አካሉ ክፍት ስለሆነ ድምፁን የሚያፍን ላሜራ የለም። ለአሸዋና ለጭቃ የተሠራው ጥርሳም ጎማ አስፋልት ሲያገኝ ደግሞ የራሱን ጉርምርምታ ይጨምራል። የቆሞ መለኪያው ከዚህ ውስጥ ጎማውንም ሆነ የነጂውን እግር አያይም።

ታዲያ አይጠቅምም ማለት ነው? ይጠቅማል። ማርሚታውን የቆረጠውን ወይም በእሽቅድምድም ማርሚታ የተካውን አንዱን ለመያዝ ከዚህ የተሻለ የለም። ቀደም ብለን እንዳየነው ያ አንዱ የአሥር ያህል ይጮሃል። እንግዲህ ጣሪያው የፋብሪካ ሞተሮችን የሚያሳልፍ፣ የተነካኩትን የሚጥል ቁጥር ላይ ይቀመጥ። መለኪያውም በየመንገዱ ከሚሆን ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መነሻ ሜዳ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ወር ላይ ያለ ቅጣት፣ በነጻ እየለኩ ለነጂው ቁጥሩን ማሳየት ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ከዚህ የሚቀልለው መንገድ ቁጥሩን ከወረቀት ማንበብ ነው። የኦስትሪያዋ ቲሮል እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሮይተ አውራጃ ባሉ የተመረጡ መንገዶች ላይ፣ በሞቃታማዎቹ ወራት፣ ሊብሬያቸው ላይ የቆሞ ድምፃቸው ከ95 ዴሲቤል በላይ የተጻፈ ሞተር ሳይክሎችን ከልክላለች። ፖሊሱ ማይክሮፎን አያስፈልገውም፤ ሊብሬውን ያያል፣ አለቀ። ሁለት ችግር አለው። የተቀየረ ማርሚታ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ከመንገድ ውጭ ብቻ እንዲነዱ የተሠሩ ብዙ ሞተሮችም እንዲህ ያለ ወረቀት የላቸውም።

ሌላው ዘዴ ድምፅ የሚለካ ካሜራ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሜዱዝ የሚባለው መሣሪያ በአራት ማይክሮፎን ድምፁ ከየት እንደመጣ ይለያል። ታርጋውን ደግሞ ካሜራ ያነሣል። የሚያልፈውን እውነተኛ ድምፅ ስለሚለካ የጎማውንም የእግሩንም ይይዛል። ታርጋ ለሌለው ወይም ታርጋው በጭቃ ለተለሰነ ሞተር ግን ምንም አያደርግም። ውድ ነው። ለትንሽ ከተማ አልመክረውም።

## አማራጭ 2፦ ሰዓት እላፊ

ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በከተማው ውስጥ መንዳት አይቻልም ማለት ነው። ለማስከበር ሰዓት ብቻ ይበቃል። የሰውን እንቅልፍ በቀጥታ ይጠብቃል። የሌሊት ድምፅ በአሥር እጥፍ እንደሚቆጠር ካየን፣ በዚህ ርካሽ ዋጋ ይህን ያህል የሚያተርፍ ደንብ አላውቅም።

ጉድለቱ ቀኑን አለመንካቱ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም በአንዴ የሚነሣ ከሆነ፣ ከተማው አዲስ የማንቂያ ደወል አገኘ ማለት ነው። መፍትሔው የአከራዮችን የመነሻ ሰዓት መበተን ነው። ለገበሬው፣ ለአምቡላንሱና ለነፍስ አድን ሠራተኛው ልዩ ፈቃድ መጻፍም አይረሳ።

## አማራጭ 3፦ መንገድ መመደብና መነሻ ቦታ ማራቅ

ከ25 ሜትር ወደ 200 ሜትር ያልነው እዚህ ላይ ነው። በአከራዩ ግቢና በአሸዋው መሐል ያለው የከተማ መንገድ ነው ብዙውን ጊዜ ቅሬታ የሚወልደው። ሰው የሚያማርረው ዱሩ ውስጥ ስለሚሆነው ሳይሆን በቤቱ ደጃፍ ስለሚያልፈው ነው። እንግዲህ ሞተሮቹ በተጎታች ተጭነው ከከተማ ውጭ ወዳለ ሜዳ ይሂዱ። እዚያ ይውረዱ፣ እዚያ ይነሡ፣ እዚያው ይታጠቡ።

በጆሮ ሲመዘን ከሁሉም አማራጭ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። የሚወርደው ድምፅ ትልቅ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ማስከበሩም ቀላል ነው። ሞተሩ የተከለከለው መንገድ ላይ ታየ ወይስ አልታየም? ማንኛውም ትራፊክ ፖሊስ ይህን ያያል።

ወጪው ግን ከበድ ይላል። ሜዳው መሬት ይፈልጋል። መጸዳጃ፣ ውኃ፣ ማቆሚያ፣ ምልክት ያስፈልጋል። ሱቁ መሐል ከተማ ያለው ትንሽ አከራይ ተጎታች መግዛት ግድ ይለዋል። ከተማው ቢያንስ የሽግግር ጊዜ ካልሰጠው ገበያውን ለትልልቆቹ ያስረክባል። በሜዳው አቅራቢያ የሚኖሩትንም ቀድሞ መጠየቅ የግድ ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ድምፅ ዝም ብሎ ወደ ዳር ሰፈር ሲገፋ፣ ዳር ያለው ሰው ድምፁን የሚያሰማበት መድረክ ብዙ ጊዜ የለውም። ቦታ ሲመረጥ ኮረብታ ከመሐል ቢገባ ጥሩ ነው። ድምፅ መንጭቶ የሚመለስበትን ጠባብ ሸለቆ ሽሹ። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቶቹ የሚነፍስ ከሆነም ሌላ ቦታ ፈልጉ።

## አማራጭ 4፦ የፍጥነት ገደብ

ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች ብቻ በከተማ ውስጥ ዝቅ ያለ ፍጥነት መወሰን። የጎማ ድምፅ ከፍጥነት ጋር አብሮ ይወጣል፤ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ በ9 ዴሲቤል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። የሞተሩ ድምፅ ግን እንደ ነጂው ነው። ቀስ እያለ በከፍተኛ ዙር የሚነዳ ምንም አልቀነሰም። ደግሞም በግማሽ ፍጥነት የሚሄድ ሞተር ደጃፍዎ ላይ እጥፍ ጊዜ ይቆያል። ለደኅንነት እደግፈዋለሁ፤ ለጩኸት ግን ብቻውን አይበቃም።

## አማራጭ 5፦ በአከራዩ ፈቃድ በኩል

ብዙ ከተሞች የሚዘነጉት ይህንን ነው። በመንገድ ላይ ሺህ ነጂ ከማሳደድ አሥር አከራይ ጋር መነጋገር ይቀልላል። የንግድ ፈቃድ ሲታደስ ግዴታዎች አብረው ይገባሉ። የፋብሪካ ማርሚታ ብቻ። በዓመት አንድ ጊዜ የድምፅ ምርመራ። የቡድን መጠን ላይ ጣሪያ። የመነሻ ሰዓት። በከተማ ውስጥ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ መንዳት። ጎልቶ የሚታይ የሞተር ቁጥር፣ ቅሬታ ያለው ሰው ከሩቅ እንዲያነበው።

ጥሩ ምሳሌ በአሜሪካ ያለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነው። የበረዶ ሞተር ጉዳይ እዚያ ለዓመታት ሲያጨቃጭቅ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ደንብ ሞተሮችን ነጠላ ነጠላ ከመቁጠር ወደ ቡድን መቁጠር ሄደ። በቀን ቢበዛ 110 ቡድን ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ የበረዶ ሞተር ቡድን ከ50 አይበልጥም። አንድ ቡድን ቢበዛ 10 ሞተር ይይዛል፤ አብዛኞቹም የሚገቡት ከአስጎብኚ ጋር ነው። እያንዳንዱ ሞተር በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ከ67 ዴሲቤል በላይ እንዳይጮህም ተወስኗል። ከሐሳቡ ደስ የሚለኝ በቡድኖች መሐል ጸጥታ መኖሩን መቁጠሩ ነው። አሥር ሞተር በአንዴ ካለፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት ዝም ካለ ሰው ይተነፍሳል። አሥሩ በየሦስት ደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ካለፉ ግን ግማሽ ሰዓቱ ሙሉ ተበላሸ።

ደካማ ጎኑ ግልጽ ነው። የራሱን ሞተር በተጎታች ጎትቶ የመጣውን እንግዳ አይነካም። ብዙ ጊዜ ማርሚታ የሚቀይረው ደግሞ የራሱ ሞተር ያለው ነው። አከራዩ «እኔ ደንብ ላክብር፣ እሱ ይጩህ?» ቢል እውነት አለው። ስለዚህ ይህ አማራጭ ከመነሻ ሜዳው ምርመራ ጋር ተጣምሮ ይሂድ።

## አማራጭ 6፦ ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር

የኤሌክትሪክ ሞተር ማርሚታም ጭስም የለውም። በዝግታ ሲነዳ ለውጡ ወዲያው ይሰማል፤ የሚቀረው የጎማውና የማርሹ ድምፅ ነው። የስዊስዋ ዘርማት እንግዶች መኪናቸውን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ቴሽ ትተው በባቡር የሚገቡባት ከተማ ናት። ውስጥ የሚመላለሱት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ናቸው። ከተማ ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል ማሳያ ነው። በረሃ ውስጥ ግን የባትሪ ርቀትና ቻርጅ ማድረጊያ ጥያቄ ይመጣል። ዋጋውም ትንሹን አከራይ ይገፋዋል። ግዴታ ከማድረግ ይልቅ ማበረታቻ ይሁን። ለኤሌክትሪኩ ቀረብ ያለ መነሻ ቦታ ወይም ረዘም ያለ ሰዓት መስጠት ከተማውን ብዙ አያስወጣም።

## አማራጭ 7፦ ሙሉ ክልከላ

ይቻላል። በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ያለችው የማኪናክ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1898 የሞተር ተሽከርካሪ አገደች፤ ዛሬም ሰው በፈረስ፣ በብስክሌትና በእግሩ ነው የሚሄደው። ጸጥታው ራሱ የቱሪስት መስሕብ ሆነ። እዚያም ቢሆን በበረዶ ወራት የበረዶ ሞተር ይፈቀዳል፤ ነዋሪው መንቀሳቀስ አለበትና። ኢኮኖሚዋ በሞተር ኪራይ ላይ ለቆመ ከተማ ግን ይህ በአንድ ሌሊት የሥራ አጥ ሰልፍ ነው። የሕግ ሥልጣኑም መጀመሪያ ይጣራ።

## ሁሉም ጎን ለጎን

| አማራጭ | ጆሮ የሚለየው ለውጥ | ማስከበር | የከተማው ወጪ | ጫናው የሚያርፍበት |
|---|---|---|---|---|
| የቆሞ ዴሲቤል ጣሪያ | በተነካኩ ሞተሮች ላይ ትልቅ፣ በሌሎቹ ትንሽ | ከባድ፤ ሥልጠና ይፈልጋል | መካከለኛ | ማርሚታ በቀየረው |
| ድምፅ የሚለካ ካሜራ | ጥሩ፣ ታርጋ ካለ | በመሣሪያ | ከፍተኛ | በጮኸው |
| ሰዓት እላፊ | ሌሊት በጣም ትልቅ፣ ቀን የለም | ቀላል | ዝቅተኛ | በሁሉም ነጂ፣ በጥቂቱ |
| መንገድ መመደብና ሜዳ | በጣም ትልቅ | ቀላል | ከፍተኛ፣ በተለይ መጀመሪያ | በአከራዩና በሜዳው ጎረቤት |
| የፍጥነት ገደብ | መካከለኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | በሁሉም ነጂ |
| የአከራይ ፈቃድ | መካከለኛ እስከ ትልቅ | ቀላል | ዝቅተኛ | በአከራዩ |
| ኤሌክትሪክ | በዝግታ ሲነዳ በጣም ትልቅ | ቀላል | እንደ ማበረታቻው | በአከራዩ |
| ሙሉ ክልከላ | ሙሉ | መካከለኛ | በጠፋ ገቢ ከፍተኛ | በሥራው ላይ ባሉት ሁሉ |

## ለእናንተ የቱ?

በጀትም ሰውም ለሌላት ትንሽ ከተማ። በሰዓት እላፊና በአከራይ ፈቃድ ጀምሩ። ሁለቱም መንገድ ላይ መለኪያ መሣሪያ አይጠይቁም። የዴሲቤል ደንብ ካሁኑ አታውጡ። የማይከበር ደንብ ቀጥሎ የሚመጣውንም ያረክሰዋል።

ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ትራፊክ ፖሊስ ላላት። ከላይ ያሉትን ሁለቱን አስቀድሙና በቤቶች መሐል የሚያልፈውን አንዱን መንገድ ዝጉ። አንድ መንገድ ብቻ ይበቃል፤ ቅሬታ የበዛበትን። ለውጡን ሰው በጆሮው ሲሰማ ለቀጣዩ እርምጃ ድጋፍ ይመጣል።

መሬትና በጀት ላላት። የመነሻ ሜዳ ሥሩ። የድምፅ ምርመራውን መግቢያው ላይ አድርጉ። የራሱን ሞተር ይዞ የመጣውም በዚያ ስለሚያልፍ ከአከራዩ ጋር እኩል ይዳኛል። የዴሲቤል ጣሪያ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው።

የበላይ ሕግ እጇን ላሰረባት። ተሽከርካሪውን መከልከል ካልቻላችሁ ብዙውን ጊዜ በእጃችሁ የሚቀሩት የንግድ ፈቃድ፣ የማቆሚያ ቦታና የከተማው የራሱ መሬት ናቸው። መነሻውን በእነሱ በኩል ማራቅ ይቻላል። ደንቡን ከማጽደቃችሁ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ ይየው፤ ክስ ከመጣ በኋላ ማስተካከል ውድ ነው።

ገቢዋ ከሞተርም ከጸጥታም ለሆነ። እንግዳ ማረፊያና ሞተር ኪራይ ጎን ለጎን ያሉባት ከተማ ቀንና ቦታ ትካፈል። አንዱ ሸለቆ ለሞተር፣ ሌላው ለእግረኛ። የቡድን ቆጠራውም እዚህ ይጠቅማል።

ለአከራዮች። ደንብ ሳይመጣባችሁ ቀድሙ። የፋብሪካ ማርሚታ፣ የተበተነ መነሻ ሰዓት፣ በከተማ ውስጥ በዝቅተኛ ዙር መንዳትን ለእንግዳ ማስረዳት። ቁልፍ ስትሰጡ «እስከዚያ ምልክት ድረስ ነዳጅ አትርገጡ» ማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ነዋሪው ክልከላ የሚጠይቀው ሌላ የሚሰማው ሰው ሲያጣ ነው።

የቱንም ብትመርጡ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ለኩ። ቅሬታ የበዛባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች ምረጡ። በአንድ የሥራ ቀንና በአንድ የእረፍት ቀን፣ ቀንም ሌሊትም ድምፁን መዝግቡ። አማካዩን ብቻ አትያዙ፤ ስንት ጊዜ ከፍተኛ ድምፅ እንደተሰማና በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። የቅሬታ መዝገቡንም አብራችሁ ያዙ፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ ከተቻለ የሞተር ቁጥር። ደንቡ ላይ የአንድ ዓመት የግምገማ ቀን ይጻፍበት። ያ ቀን ሲደርስ በእነዚያው ቦታዎች፣ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ሰዓት እንደገና ለኩ። የነዋሪና የአከራይ ተወካይ ሲለካ አብረው ይቁሙ። ቁጥሩን አብረው ካዩ በኋላ የሚቀረው ክርክር ስለ ቀጣዩ እርምጃ ብቻ ይሆናል።